ክሩ ሳይፈታ ከኢየሩሳሌም ስለተመለሰው ወረቀት

ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.
ካይሮ

ለክቡር አቶ ይርዳው ገብረ ሕይወት
የኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች ማኅበር ሊቀ መንበር
ዶቂ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከቅድስት አገር በሰላም በመመለስዎ የተሰማኝን ደስታ እየገለጽኩ፣ የእርስዎንና የባለቤትዎን ጤና፣ እንዲሁም ዮርዳኖስ ውስጥ ቆመው በተነሡት ፎቶግራፍ ላይ ፀሐይ የበረታባቸው የመሰሉትን የዓይኖችዎን ጤና በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ቡላቅ አል-ዳክሩር ሰፈር የምኖር፣ ቤተ ክርስቲያን ከኋላ የምቆም፣ እርስዎም ድምፄን ሰምተው የማያውቁኝ ባልቴት ነኝ። በግልጽ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ እርስዎም የጉዞውን ሪፖርት ያቀረቡት በጉባኤ ፊት ነውና።

አንደኛ፣ በዐቢይ ጾም መሄድ ያልቻልን ሰዎች የሙታኖቻችንን ስም ብንሰጥዎ ጎልጎታ ላይ እንደሚያስጠሩልን ቃል ስለገቡልን አመሰግናለሁ። በዚህ ቃል ተማምኜ በየሰው ቤት ከሚያገለግሉ ሴቶች፣ ከዘበኞችና ከወጥ ቤት ሠራተኞች የሃያ ስድስት ሙታን የክርስትና ስም ሰብስቤ በእጄ ጻፍኩ። የክርስትና ስም ለማንም ዓይን የሚሰጥ ስላልሆነ፣ ወረቀቱን አጥፌ ዳሩን በቀይ ክር ሰፋሁት። እርስዎም ከእጄ ተቀብለው በኮትዎ የውስጥ ኪስ፣ በልብዎ በኩል አኖሩት።

ሁለተኛ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ በተሰበሰብንበት ዕለት የተቀበሉት ስም ሁሉ አንድ ሳይቀር መጠራቱን ስላበሠሩን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ንግግሩ እጅግ ያማረ ነበር። ሞሃንዲሲን ሰፈር በአንድ ቤት ልብስ የምታጥበው፣ የምሥራች የምትባለው፣ ወንድሟ ያለ ፍትሐት የተቀበረባት ልጅ ናት፤ ሦስት ዓመት የለበሰችውን ጥቁር ያን ዕለት አውልቃ፣ ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝና፣ መጥታ እጄን ሳመችኝ።

ሦስተኛ፣ በረከት ይሆነኝ ዘንድ ስለላኩልኝ አራት የኢየሩሳሌም ሻማዎች አመሰግናለሁ። ሻማዎቹ የተጠቀለሉት በእኔው ወረቀት ነበር። ከክሩ አንዲት ጥልፍ እንኳ አልተቆረጠችም፤ የራሴ ስፌት ነውና አንድ በአንድ አየሁት። በበዓሉ ግፊያ ሰው ብዙ ነገር ይረሳል፣ ይህን እረዳለሁ። ሪፖርቱን ያቀረቡት ግን በግፊያ ውስጥ አልነበረም፤ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ጸጥ ብለን ነበር የምንሰማዎ።

አራተኛው ክስ በእርስዎ ላይ አይደለም። ባቡር ከካይሮ ተነሥቶ ኢየሩሳሌም ይደርስ በነበረበት ዘመን፣ በ፲፱፻፴፱ ዓ.ም.፣ ባለቤቴ ወልዴ ስለቱን ሊያደርስ ሲሄድ የተለያየነው ተጣልተን ነው። ከዚያ ደብዳቤ ላከልኝ። ማንበብ አልችልም ነበር፤ ጠባችንን ጎረቤት እንዳያነብብን አፍሬ፣ ተቆጥቶ የጻፈው ነው ብዬ ሳልከፍተው ከሣጥን ሥር ሸጎጥኩት። በአራተኛው ወር መሞቱን ተሳላሚዎች ነገሩኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ፣ ብቻዬን፣ በአሮጌ ዳዊትና በተጣለ ጋዜጣ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ያነበብኩትም ያንን ደብዳቤ ነው። ሐኪም ቤት ተኝቻለሁ፣ ነይልኝ፣ ይላል። የአንድ ቀን መንገድ ነበር።

እንግዲህ የሰው ወረቀት ሳይከፍት የሚያስቀምጥ ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አያገኙም። እኔ አነበብኩት ብዬ ለማንም አላወራሁም፤ ልዩነታችን ይህ ብቻ ነው። ከሃያ ስድስቱ ስም መጀመሪያ ላይ ያለው የወልዴ ነው። ተኝቶበት በሞተው አገር አንድ ጊዜ እንዲጠራ ፈልጌ ነበር፤ ሌላ ነገር አልፈለግሁም።

ስለዚህ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሪፖርቱን ባቀረቡበት በዚያው ባማረ ድምፅ፣ ስሞቹ አለመጠራታቸውን ለሰዎቹ እንዲነግሩልኝ ክቡርነትዎን እለምናለሁ። ጊዜ የማይመችዎ ከሆነ እኔ እነግራቸዋለሁ። ድምፄ ደካማ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ስምንት ጊዜ ገልብጬ ለማደል አዘጋጅቻለሁ። ለየምሥራች ግን ዛሬውኑ ሄጄ ነግሬአታለሁ፤ ጥቁሯን መልሳ ለብሳለች።

ለማዕረግዎ የሚገባውን እጅ በሙሉ ነሥቼ፣ ለሚመጣው ዓመት ጉዞዎም ሰፊ ኪስ ያለው ኮት እየተመኘሁ፣ ያልተነበቡት ሃያ ስድስት ነፍሳት ጸሐፊ፣

እጅጋየሁ ዘውገ
የወልዴ ሚስት

ማስታወሻ፦ ማኅበሩ በታይፕ ጽፎ በሩ ላይ የለጠፈውን፣ ጎልጎታ ላይ በእርግጥ የተነበበውን የታላላቅ ሙታን ስም ዝርዝር አየሁ። ከሁሉ በላይ «ክብርት ወይዘሮ በለጥሻቸው» ተብለው የሠፈሩት ወላጅ እናትዎ መሆናቸውን ሰምቻለሁ። ካህናት ሙታንን የሚያስቡት በማዕረግና በዓለም ስም እንዳይደለ እርስዎም ያውቃሉ፤ ምናልባት የክርስትና ስማቸውን የነገረዎ ሰው አልነበረም። እርስዎን ያሳደገችው ሞግዚትዎ ተዋበች ታውቀዋለች፤ በእኔ ወረቀት ላይ ሃያ ሦስተኛ አድርጋ አስጽፋዋለች። በአደባባይ መጻፍ ስለማይገባ እዚህ አላሰፈርኩትም። ማወቅ ከፈለጉ ተዋበች እዚያው ወጥ ቤትዎ ውስጥ ናት፤ ገብተው ይጠይቋት።