ማርታና የእናቷ ነጠላ

ማክሰኞ፣ ማርች 10፣ 1987

ልጄን ማርታን ከትምህርት ቤት አውጥቼ ቤት ማስተማር ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። አስተማሪዋ «ሃይፐር ናት፣ አርፋ አትቀመጥም፣ ልዩ ክፍል ትግባ» ስትለኝ ተናድጄ ነው ያወጣኋት። እኔው አስተምራታለሁ አልኩ። እናቷ ሎንግ ቢች ሆስፒታል ጽዳት ሠርታ እስክትመለስ ጠዋቱ የኛ ነው፤ የኔ የፓርኪንግ ሺፍት ከሰዓት ነው።

ዛሬም የሁለትን ማባዛት ሳንጨርስ ዐሥር ጊዜ ተነሳች። በፌርፋክስ ጎዳና አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ላይ ናት። ቁጭ በይ፣ ኧረ ቁጭ በይ እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። በመጨረሻ የእናቷን ነጠላ አንስቼ እግሯን ከወንበሩ ጋር አሰርኩት። ቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ የኔታ እኔንም እንዲህ ያስሩኝ ነበር፤ እሳቸው በገመድ ነው። ልጅ ብወልድ እንዲህ አላደርግም ብዬ ምዬ ነበር።

ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን ነካ ነካ አደረገችው።

«አባዬ፣ ላልቷል» አለችኝ። «ታይት አድርገው። ምናልባት ያኔ ጎበዝ እሆናለሁ።»

ፈታኋት። ወዲያው ወደ መስኮቱ ሮጠች። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ የቀረሁት እኔ ነኝ።

እናቷ ስትገባ «ነጠላዬ ለምን እንዲህ ተጨማደደ?» አለች።

«ማርታን በርዷት ለብሳው ነበር» አልኳት።

«አዎ፣ በርዶኝ ነበር» አለች ማርታ፣ ከመስኮቱ ሳትዞር።

በሦስት ሳምንት ካስተማርኳት ሁሉ አንዴ ሰምታ የያዘችው ይህን ብቻ ነው።