ለልጆቻችን ቪዲዮ ለመረጠልን ኮሚቴ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ኤልያቄም
የሰባት ምንጭ አካዳሚ ርዕሰ መምህርና ጥራት ያላቸው ቻናሎች መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ለቡ መብራት ኃይል

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና፣ በተለይም ያለ ሳል የሚታደርበት ሌሊት እመኝልዎታለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት በቢሮዎ በኩል ያቀረብኳቸው አቤቱታዎች ሁሉ «ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚል መልስ ብቻ ስላገኙ፣ ከስብሰባ በሚወጡበት በአንዱ የተባረከ ቀን በመንገድዎ ላይ እንዲያገኙት በማሰብ ነው።

እኔ ዶርቃ ላቀው እባላለሁ። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ መጋረጃ እሸጣለሁ። በአካዳሚዎ አራተኛ ክፍል ትማር የነበረችው የሶፊ ኦሊያድ እናት ነኝ። ጸሐፊዎ በስልክ «እርስዎ ሲበዛ ተጠራጣሪ ነዎት» ብላኛለች፤ አልዋሸችም። መጋረጃ የሚሸጥ ሰው ከመጋረጃው ጀርባ ምን እንዳለ ማሰቡ የሥራው ጠባይ ነውና ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፣ ስለ ምርጫው አመሰግናለሁ። በዓመቱ መጀመሪያ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ በላኩልን መልእክት፣ ኢንተርኔት ለልጆች ጫካ መሆኑን፣ እኛ ወላጆችም የሚያስተምረውን ከሚያጃጅለው የመለየት አቅም እንደሌለን በትሕትና ገልጸውልን ነበር። ለነገሩ ብዙም አልተሳሳቱም። ሶፊ ስልኬን ስትይዝ አንዴ አሻንጉሊት ከካርቶን እያወጣ የሚጮህ ጎልማሳ፣ አንዴ ደግሞ ያለ ምክንያት የሚስቁ ወጣቶች ስታይ አገኛት ነበር፤ ደንበኛ እያስተናገድኩ ሁሉንም ማጣራት አልችልም። ኮሚቴዎ መርምሮና መዝኖ ሲጨርስ፣ በዓለም ላይ ካሉት ቻናሎች ሁሉ መስፈርቱን ያሟላው የአካዳሚው የራሱ ቻናል ብቻ ሆኖ በመገኘቱ፣ በአጋጣሚው እየተደነቅኩ ተደሰትኩ። የኮሚቴውን አባላት ስም ብጠይቅ ምስጢር ነው ተባልኩ። የልጆች ቪዲዮ የሚመርጡ ሰዎች ማንነታቸው ለምን እንደሚደበቅ ባይገባኝም ልጄ እንድትከታተል ፈቀድኩ።

በዚያው መልእክት «ማንነታቸው ከማይታወቅ ግለሰቦች ቻናል ተጠንቀቁ» ብለው በምሳሌነት የጠቀሱት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መምህር አምሐ። ማንነቱ የማይታወቀው ይህ ሰው እስካለፈው ዓመት ድረስ በእርስዎው ትምህርት ቤት፣ በእርስዎው ፊርማ ተቀጥሮ ሳይንስ ያስተምር ነበር፤ ያባረሩትም እርስዎው ነዎት።

ሁለተኛ፣ ስለ ቤት ሥራው አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ሱቅ፣ ባለቤቴ ኦሊያድ ደጅ መኪና እያጠበ ሳለ፣ ሶፊ «ደመናን በቤታችን እንሥራ» የተባለውን የአካዳሚውን ቪዲዮ ከፍታ መታጠቢያ ቤት ገባች። እንደታዘዘችው በረኪናውን ከሽንት ቤት ማጽጃው ጋር ቀላቀለች። «ደመናው እንዳያመልጥ በሩን ዝጉ» የሚለውም ትእዛዝ የእናንተው ስለነበር፣ ታዛዥ ልጅ ናትና በሩን ዘጋች።

ሽታው መጀመሪያ የደረሰው አጥር የምንጋራቸው ወይዘሮ ገዲሴ ዘንድ ነው። ወይዘሮ ገዲሴ ለቡ እርሻ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚሁ የኖሩ፣ ዛሬም በቀረቻቸው መሬት ላይ ላም የሚያረቡ ሴት ናቸው፤ መሬታቸው ከአካዳሚዎ ጀርባ ድረስ ይዘልቃል። እሳቸው «ኦሊያድ! ቤትህ ምን ነካው?» ብለው ባይጮኹ ኖሮ ባለቤቴ በሩን አይሰብርም ነበር።

ሆስፒታል ስደርስ ልጄን ኦክስጅን ተገጥሞላት፣ ዓይኖቿ ደም መስለው አገኘኋት። እጄን ይዛ፣ በየቃሉ መሀል እየተነፈሰች፣ «ማሚ፣ እኔ አላበላሸሁም፤ እንደተባለው ነው የሠራሁት» አለችኝ። ትንፋሽ ያጠራት ልጇ ጥፋተኛ አለመሆኗን ስታስረዳት የሰማች እናት ከዚያ በኋላ የሚተርፋት ትሕትና በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የሚያነቡት ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ቅልጥፍናችሁ። የልጃገረዶቹን ሽንት ቤት በር ለማስጠገን ዓመት የሚፈጅበት ተቋም ያንን ቪዲዮ ከቻናሉ ለማጥፋት አንድ ምሽት በቃው። በማግስቱ ስደውል ጸሐፊዎ «እንደዚህ ዓይነት ቪዲዮ ኖሮን አያውቅም፤ ልጅቷ ሌላ ቦታ አይታ ይሆናል» አለችኝ። እኔም ለአፍታ ልጄን ወደመጠራጠር ሄጄ ነበር፤ የዚያን አፍታ ዋጋ ማንን እንደማስከፍል እስካሁን አላውቅም።

ሆኖም አንድ ነገር ዘንግታችኋል፤ የኢንተርኔት ዳታ ውድ ነው። ወይዘሮ ገዲሴ ከሶፊ ጋር የምትማረው ልጃቸው ቢፍቱ የቤት ሥራ ሲሰጣት፣ ዋይፋይ ካለበት አውርደው ስልካቸው ላይ ማስቀመጥ ልማዳቸው ነው። «ያ ደመና የተባለው እኔ ጋ አለ» አሉኝ። አብረን አየነው። የምታቀርበው ወጣት ፈገግታዋ ያማረ፣ ሙዚቃው ደስ የሚል፣ ቀለሙ የተዋበ ነበር። ስለ አደጋው ግን አንዲት ቃል አልነበረችበትም።

አራተኛ፣ ስለ ፈጠራችሁ። የቪዲዮውን ቃላት በኢንተርኔት ብፈልጋቸው ያገኘኋቸው በመምህር አምሐ ቻናል ላይ ነው፤ ምሳሌው አንድ፣ ቀልዱ አንድ፣ ማሰሮው ሳይቀር አንድ። አልደብቅዎትም፣ እሱንም ጠረጠርኩት፤ የተባረረ ሰው ቂም ይዞ ይሆናል ብዬ የተከራየበት ቤት ድረስ ሄድኩ። ቪዲዮውን ሳሳየው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ልጅቷ ትተነፍሳለች?» አለኝ።

«ትተነፍሳለች» ስለው ነው የተቀመጠው። ከዚያ የራሱን ከመጀመሪያው አጫወተልኝ። «ልጆች፣ እነዚህን ሁለቱን መቼም አንቀላቅልም፤ የዛሬው ትምህርታችን ለምን እንደማንቀላቅል ነው» ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያም ሁሉንም በሰሌዳ ላይ በሥዕል ያስረዳል እንጂ አንድ ጠብታ እንኳ አያፈስም። ማሰሮው ውስጥ ያለውም ውኃ ብቻ ነው። የእናንተ ትምህርት የሚጀምረው የእሱ ማስጠንቀቂያ ካለቀበት ቦታ ነው። ማስጠንቀቂያውን ማን እንደቆረጠው፣ ሥዕሉንም ማን ወደ ትእዛዝ እንደለወጠው አላውቅም፤ ቪዲዮውን የቀረጸው ድርጅት የማን ዘመድ እንደሆነም አልጠየቅኩም። አለመጠየቄን ግን አለመጠርጠር አድርገው አይውሰዱት።

ከዚህ በኋላ ለሚመጣው ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም፤ ምክንያቱም የወላጆች ስብሰባው ከቁጥር በላይ ነበር። እርስዎ ቆመው ልጅን መቆጣጠር የወላጅ ድርሻ መሆኑን በሰፊው አስረዱን። ወይዘሮ ገዲሴ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ቪዲዮውን ሲከፍቱት ደግሞ፣ ፈጽሞ ሳይደናገጡ፣ «ይህ በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የተቀነባበረ ነው፤ በዚህ ዘመን ሁሉን ነገር ማመን አይገባም» አሉ።  አንዳንድ ወላጆች በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጄ እንደገና በሩ የተዘጋባት መሰለኝ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ገዲሴ በጣታቸው ስክሪኑን ጠቆሙ። «አቶ ኤልያቄም፣ ከምታቀርበው ልጅ ጀርባ በመስኮቱ የሚታየው የእኔ አጥር ነው። በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ የምታየው ደግሞ ላሜ ናት። እሷንም አቀነባብረዋታል?»

የሳቁት ሁሉ ደስ ብሏቸው አልነበረም፤ እርስዎም ውኃ ለመጠጣት ወጥተው አልተመለሱም። በሳምንቱ ቻናሉ ላይ «ለጥራት ማሻሻያ ለጊዜው ተቋርጧል» የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ያን የመሰለውን ጥራት ከዚህ በላይ እንዴት እንደምታሻሽሉት ለማየት ብዙዎቻችን አልጠበቅንም፤ ልጆቻችንን አስወጣን።

ስለ ሶፊ ጠይቀው ባያውቁም ልንገርዎ። ሐኪሞቹ ሳንባዋ እንደሚያገግም ነግረውናል። ገመድ ስትዘል ግን መሀል ላይ ቆማ ታስላለች፤ መታጠቢያ ቤት ስትገባም በሩን ገርበብ አድርጋ መተው ጀምራለች። እኛም ከውጭ ጀርባችንን ሰጥተን እንቆማለን።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ሀና ማርያም አካባቢ በምናመልክበት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ መምህር አምሐ ልጆቹን ይሰበስባል። ቪዲዮ ያሳያቸዋል፤ መሀል ላይ ያቆመውና «ይህን ማን ሠራው? እንዴት አወቀ? ሲሳሳት ያርማል? ሰው ሲጠይቀው ይመልሳል?» ይላቸዋል። ስለ ከዋክብት የሚናገር፣ እንጨት እየጠረበ ሒሳብ የሚያስተምር፣ በአሻንጉሊት ተረት የሚያጫውት፣ ብዙ ዓይነት ቻናል ራሳቸው ፈልገው አግኝተዋል። መምህሩ የራሱንም ቻናል ያስመረምራቸዋል፤ ስለ መብረቅ የተናገረውን አንድ ነገር ቢፍቱ አስተካክላው፣ እርማቱን በስሟ ለጥፎታል። ሶፊም ባለፈው አንዱን ዝነኛ ቻናል «ይሄ ሰውዬ አስተያየት መስጫውን ዘግቶታል፤ ጥያቄ ይፈራል» ብላ አሰናበተችው። ያኔ ከሆስፒታሉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬ ላላ።

ከእርስዎ የምለምነው ጥቂት ነው። ቪዲዮው የእናንተ እንደነበር ለወላጆች ሁሉ በጽሑፍ ይንገሩ፤ ሌላ ቤት ውስጥ ቪዲዮው ተቀምጦለት፣ በሩን ዘግቶ ገና ሊሞክረው ያለ ልጅ ሊኖር ይችላልና። የመምህር አምሐን ስም ያነሱበትን ማስጠንቀቂያ፣ እሱን ባነሱበት በዚያው ግሩፕ ላይ ይሻሩት። የኮሚቴዎን አባላትም ያስተዋውቁን፤ አንድ ሰው ብቻ ከሆኑም አንደነግጥም፣ ጠርጥረን ነበር።

ለአጭር ጊዜም ቢሆን ልጄን አደራ የሰጠሁዎ፣ ያደረጉልንን በየሳሏ የማስታውስ፣ በእያንዳንዱ ቃልዎ ላይ ያለኝ ጥርጣሬ ሳይቀንስ አክብሮቴን የማቀርብ፣

ዶርቃ ላቀው
የመጋረጃ ነጋዴ፣ ሀይሌ ጋርመንት

ማሳሰቢያ፦ በሌላ አባት ስም ተመዝግበው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡት ሁለቱ ልጆችዎ በጣም ጎበዞች ናቸው፤ ከፊት አስቀምጠናቸዋል፣ የማን ልጆች እንደሆኑም ለማንም አልተናገርንም። እርስዎም ልጆቹ እስኪጨርሱ ድረስ መኪናዎን ከአስፋልቱ ማዶ አቁመው በፀሐይ ከሚጠብቁ ወደ ውስጥ ይግቡ፤ ወንበር አለ።