ስንዱ ለፊልሟ ሴት ጠበቃ የቆመችበት እሑድ

ይድረስ ለአዱኛዬ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተ ካለህበት መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ከተለያየን ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ዳር ዳር እያለ ነው። ይህን ጽሑፍ ብታይ «ማን ጻፈልሽ?» ትል ነበር። እኔው ራሴ ነኝ! በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስቆጥር «እሰይ የኔ ደብተራ!» እያልክ ስታሾፍብኝ አልነበር? አንተ ከሄድክ በኋላ የማታውን ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል ገፋሁበት። ፊደሌ እንደ ቅዳሜ ገበያ ሰው ይጋፋል እንጂ ይነበባል።

ቤቱ ደህና ነው። የጓዳውን ክዳን ባለፈው በጋ በቆርቆሮ አስለወጥኩት። ዝናብ ሲመጣ ጆሮ ያደነቁራል፣ ግን አያፈስም። ላሚቱን ለወንድምህ ሰጠኋት፤ ለብቻዬ የማልባት ለማን ነው ብዬ። ጋቢህን ግን ለማንም አልሰጠሁም። የጠየቀኝ ብዙ ነው፣ አልሰጠሁም። የደባርቅ ብርድ እንደሆነ ያው ነው፤ ከጨነቅ ተራራ በኩል ሲነሳ አጥንት ቆጥሮ ነው የሚመለስ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ልጃችን ስለ ስንዱ ነው። ከፋሲካ በኋላ ከዳባት አኩርፋ መጣችብኝ። አንድ ጥቅል ልብስ ይዛ በሩ ላይ ቆመች፤ እኔም ምንም ሳልል አስገባኋት። ባሏን ታደለን ታውቀዋለህ፣ «የዚህ ልብስ ሰፊ እጁ የተባረከ ነው» ብለህ የመረጥከው አንተው ነህ። እውነትም እጁ የተባረከ ነው። ሽማግሌ ላከ፣ ሽማግሌዎቹም መጡና ጠየቋት። መታሽ? አልመታኝም። አስራበሽ? ኧረ እሱስ። ውጭ ያድራል? አያድርም። ታዲያ ምን ሆንሽ? «አያናግረኝም» አለች። ሳቁባት እኮ! «ዝምተኛ ባልማ የእግዜር ስጦታ ነው፣ እኛ ዘንድ ያሉት ሴቶች ይህን ቢሰሙ ሊሻሙሽ ነው» አሏት። ሲነሱ ለሁለተኛ ጊዜ እንደሚመጡና ያን ዕለት የመጨረሻውን የአባት ቃል እንደሚሰሙ ነገሩኝ። አባት እንደሆነ የለ። ቃሉ በኔ ላይ ወደቀ።

አዱኛዬ፣ ስንት ቀን እንደተጨነቅሁ! ብሰጣት ልጄ እንደ ጧፍ ቀልጣ ልታልቅ ነው። ብይዛት ያልመታ ያልሰከረ ባል ያስፈታች እናት እባላለሁ፤ ለሷም ሌላ ትዳር ከየት ይመጣል? አንተ ብትኖር ምን ትል ነበር እያልኩ ጋቢህን አስጨነቅሁት።

በዚህ መሃል ነው ፊልም የሚያሳየው መኪና ከጎንደር የመጣ። ያው የምታውቀው ነው፣ ትራክተር ሲያርስ፣ ሰልፍ ሲሄድ የሚያሳየው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሕዝቡ በቀበሌው አዳራሽ እንዲሰበሰብ ተነገረ፤ ፊልሙም ስለ እርከን ሥራ ነው ተባለ። የቀረ ስለሚጠየቅ ማንም አልቀረ። መስኮቱ በጆንያ ተጋረደ፣ ነጭ አቡጀዲ ተሰቀለ፣ ጄኔሬተሩ ውጭ ማጓራት ጀመረ። ሥዕሉ ሲመጣ ግን እርከን የለ፣ አካፋ የለ! አንድ ፈረንጅና ሚስቱ ገበታ ላይ ተቀምጠዋል። ፊልም አጫዋቹ ተቀያይሮብኛል ብሎ ሊያቆመው ሲል ሕዝቡ «ተወው! ተወው!» አለ። የፖለቲካ ኃላፊውም ልጅ እግር ነው፤ እሱም ማየት ፈልጎ መሰለኝ አልከለከለም።

ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረም። ግን ምን ቋንቋ ያሻዋል፣ ሰውዬው እንደሆነ አይናገር! ሚስቱ ታወራዋለች፣ እሱ ይበላል። ታለቅሳለች፣ ጋዜጣውን ይገልጣል። አዲስ ቀሚስ ለብሳ ፊቱ ትሽከረከራለች፣ እሱ አሻግሮ መስኮቱን ያያል። አንድ ቀን ሴትዮዋ ምን ታድርግ? ገለባ በከረጢት ጠቀጠቀች፣ የባሏን ኮት አለበሰችው፣ ባርኔጣ ደፋችለት፣ ወስዳም በባሏ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ልክ እኛ ጭላዳ ዝንጀሮ ገብሱን እንዳይጨርስብን ማሳ ላይ እንደምናቆመው ያለ! ባልየው ከሥራ መጣ፤ አየው፤ ሌላ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠና ሾርባውን ጠጣ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጎረቤታችን እትዬ ማሪቱ «ወይ ጉድ! ይኸማ የኔን ሰውዬ አይተው ነው የሠሩት!» አለች ጮክ ብላ፤ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ሳል ብቻ አደረገ። ፊልሙ ቀጠለ። ጎረቤት ይመጣል፣ የገለባውን እጅ ይጨብጣል። ሴትዮዋ ጭፈራ ቤት ትወስደዋለች። እውነተኛው ባል ቀስ በቀስ ከቤት ወጥቶ አትክልት ቦታው መሃል ቆመ፤ ወፍ ራሱ ላይ ስታርፍ እንኳ አያባርራት። ለገበያ መጥቶ የሰነበተ አንድ የጃናሞራ ገበሬ ብድግ ብሎ «አንተ ሰውዬ! ተናገር እንጂ! ቤትህን በገለባ ተቀማህ እኮ!» ብሎ ጮኸበት።

መጨረሻ ላይ ገለባው ሞተ። አትሳቅ፣ እውነቴን ነው። ሣጥን ተገዛ፣ ለቀስተኛ መጣ፣ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ራሱ ባልየው ነበር። የደብራችን መሪጌታ ፈንታ አዳራሹ ውስጥ ከፊት ተቀምጠው «ገለባ ይፈታል እንዴ? ፍትሐት ለነፍስ እንጂ ለገለባ ማን አዘዘ?» እያሉ ያማትባሉ። ከቀብር መልስ ባልና ሚስት ለብቻቸው ገበታ ላይ ተቀመጡ። ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከአፉ ገለባ ብን ብሎ ወጣ። አለቀ።

ያኔ ማንም አልሳቀም። እኔ ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? ንዴት ነው የተሰማኝ። አንተ ከገበያ ስትመጣ ገና በሩ ጋ ሳትደርስ ወሬህ ቀድሞህ ይገባ ነበር፤ የበቅሎ ዋጋ፣ የአዲ አርቃይ ሙቀት፣ የማን ልጅ ማንን እንደጠለፈ። ያን ሁሉ ወሬ የነበረው ሰው አፈር ተጭኖታል፤ ያችኛዋ ግን ባሏ ከፊቷ ተቀምጦ አንድ ቃል የላትም። እግዜር ሲያድል እንዲህ ነው? አልኩ። ዘወር ብዬ ስንዱን ሳያት ዓይኗ ከአቡጀዲው አልተነቀለም፤ ሥዕሉ ጠፍቶ እንኳ።

ደንቡ ነውና ውይይት ተባለ። ኃላፊው «ጓዶች፣ ከፊልሙ ምን ተማርን?» ሲል አያ ደሴ ተነሳ፤ በየስብሰባው መጀመሪያ ተናገር የሚባለው እሱ ነው። የሸመደደው ስለ እርከን ስለነበር ምን ያድርግ፣ «ይህ ፊልም አፈራችን እንዳይሸረሸር በሚገባ አስተምሮናል» ብሎ ቁጭ! ኃላፊው ራሱ ሳቁን መያዝ አቃተው። ቀጥሎ እሱ «ይህ የቡርዡዋ ትዳር ብስባሴ ነው፣ እኛ ዘንድ የለም» ሲል ሴቶቹ ሁሉ ባንድ ድምፅ «እህ!» አልን።

ያኔ መሪጌታ ተነሱ። «ልጄ፣ አንተ ደመደምክ እንጂ ነገሩ ገና አልተሰማም። ለሰውዬው አንድ ይቁም፣ ለሴትዮዋም አንድ ይቁም፤ ግራ ቀኙን ሳይሰሙ መፍረድ ኩነኔ ነው» አሉ። ያገራችንን ሰው ታውቀዋለህ፣ ሙግት ካገኘ ምሳውን ይረሳል። ባልና ሚስቱ ያሉት የት አገር እንደሆነ እንኳ የጠየቀ የለም። አያ ደሴ ለባልየው ቆመ፤ በእርከኑ ያፈረውን ሊክስ መሰለኝ እንደ ጥንት ተሟጋች ዘንጉን እየወዘወዘ «የኔ ሰው አልመታ! አልሰከረ! ውጭ አላደረ! የቀረበለትን በላ! ጥፋቱ ምንድን ነው? ሕያውን ሰው ገለባ ማድረግ የሷ ነውር አይደለም ወይ?» አለ። ወንዶቹ አጨበጨቡ። የዳባት ሽማግሌዎች ቤቴ ተቀምጠው ያሉት ቃል በቃል ይኸው ነበር።

ለሴትዮዋስ ማን ይቁም ሲባል ማንም አልተነሳ። የፈረንጅ ሴት ነገር ማን ይሸከማል? ስንዱ ተነሳች። ልይዛት ስል እጇ አመለጠኝ። ነጠላዋን አጣፍታ «እኔ እቆምላታለሁ» አለችና ጀመረች፤ ድምፅዋ መጀመሪያ አይሰማም ነበር።

«ቢመታኝ ቁስሉን አሳይ ነበር። ይህን በምን ላሳይ? ጣራው አፈሰሰ ስለው በነጋታው ወጥቶ ይደፍነዋል፣ ቃል ግን አይወጣውም። ወፍጮ ቤት ስሄድ ጭቃ ላይ ወደቅሁ እለዋለሁ፣ መርፌውን ያያል። ሲቸግረኝ በሱ ፈንታ ራሴ መመለስ ጀመርኩ። ጭቃ ላይ ወደቅሁ እላለሁ፤ ከዚያ ድምፄን አወፍሬ ተጎዳሽ ወይ? እላለሁ። አልተጎዳሁም እላለሁ። አንድ ቀን እንዲህ ስል ራሴን ሰማሁት፣ ፈራሁ። አብጄ ከመቅረቴ በፊት ወጣሁ። ያቺ ሴት ገለባውን የሠራችው ባሏን ለመናቅ አይደለም። ብቻዋን እያወራች እንዳልሆነች ለመምሰል ነው።»

ለፊልሟ ሴት ብላ ጀምራ ወዴት እንደገባች አየህ? ሁሉም አየ። ዘንጉን የያዘው አያ ደሴ «እኔ ለባልየው የምጨምረው የለኝም» አለና ተቀመጠ። እትዬ ማሪቱ ነጠላዋ ውስጥ ገብታ ታለቅስ ነበር። ኃላፊው መፈክር ማሰማቱን ትቶ በሩን ከፈተ።

በነጋታው ወፍጮ ቤት ሌላ ወሬ የለም። አንዷ ሴትዮዋ ጨካኝ ናት ትላለች፣ ሌላዋ ኧረ ገለባው ራሱ ከባሏ ይሻላል ትላለች፣ ሙግት ነው። እትዬ ማሪቱ ደግሞ መጥታ «ሰውዬው ትናንት ራት ላይ ገበያው እንዴት ነው አለኝ፤ በሞቴ ታሞ ይሆን ብዬ ግንባሩን ዳሰስኩት» ስትል በሳቅ ዱቄት ተነፋብን።

ሽማግሌዎቹ በሚካኤል ማግስት መጡ። መሪጌታ ፈንታ በኔ ወገን ተቀመጡልኝ። ያው አልመታ፣ አልሰከረ ተባለ። ከዚያ የአባቷን ቃል ጠየቁ። አዱኛዬ፣ ስለ ታደለ አስብ ነበር እኮ፤ እሱም ያሳዝነኛል። ከሰርጉ በኋላ በዚያ ክፉ ዓመት ወንድሙ በሱቁ በር ላይ ቆሞ አንድ ነገር ተናገረ ተብሎ ተወስዶ እንደቀረ ታውቃለህ። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ታደለ ከዚያ ወዲህ ቃል ሰው ይገድላል ብሎ ያመነ ይመስለኛል። ፈርቶ እንጂ ጠልቶ አይደለም። ግን ፍርሃትም ቢሆን የሚጎዳው ልጄን ነው።

እንዲህ አልኩ፤ «አልመታትምና ካሣ አልጠይቅም። አልሰጥምም፣ አልከለክልምም። ሽማግሌ ሳይልክ ራሱ ይምጣ። በራሱ አፍ የጠየቃትን እሷ በራሷ አፍ ትመልስለት።» ነውር ነው ብለው ተቆጡ። ባል ያለ ሽማግሌ ሚስቱን ሊወስድ የመጣበት አገር የት ነው አሉ። መሪጌታ «ሽማግሌ የሚላከው ተጋጭተው መነጋገር ላቃታቸው ነው፤ እነዚህ ግን ገና ተነጋግረው አያውቁ፣ ምኑን እናስታርቃለን?» ሲሏቸው ቃሉን ለታደለ ሊያደርሱ ተነሱ። በአንተ ፈንታ የተናገርኩት ይህን ነው። ካጠፋሁ ይቅር በለኝ፤ ግን ያጠፋሁ አይመስለኝም።

ታደለ ሳምንቱን ሙሉ አልመጣም። ስንዱ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አላነሳሁም፤ መኪና በቆመ ቁጥር ግን ሁለታችንም ወደ በሩ እናይ ነበር። ሰኞ ዕለት በዝናብ መጣ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝና መደቡ ላይ ተቀመጠ፣ እሷም ከማዶ ተቀመጠች። ቆሎ አቀረብኩ፤ አልነካም። ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል፣ ያዞራል። እኔ በእንጨት ሰበብ ጓሮ ወጥቼ ግድግዳው ሥር ቆምኩ፤ ምን ላድርግ፣ እናት ነኝ። በጎች እስኪገቡ ድረስ አንድም ድምፅ አልነበረ። በቃ አለቀ ብዬ ልገባ ስል ሰማሁት። ድምፁ የታፈነ ነው፣ እንደ ዛገ በር።

«ውሻችን ወለደች» አለ።

ስንዱ «መቼ?» አለች።

«ሐሙስ። አንዷ ነጭ ናት።» ከዚያም «የምነግረው ሰው አጣሁ» አለ።

እንጨቱን ታቅፌ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ውስጥ ስንዱም የምታለቅስ መሰለኝ፤ ነጯ ምን ታህላለች ስትል ግን ሰምቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት በጭነት መኪና ወደ ዳባት ሄዱ። ወደ ዝምታው ከተመለሰ ተመልሳ እንድትመጣ፣ በሩ ክፍት እንደሆነ እሱ እየሰማ ነግሬያታለሁ። እሱም አንገቱን ነቀነቀ። መኪናው ሲነሳ ከኋላ ከጆንያው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በሞተሩ ጩኸት ምንም አልሰማም፣ ግን የታደለ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ስንዱም ጆሮዋን ወደሱ አስጠግታ ነበር። ከመታጠፊያው እስኪያልፉ ቆሜ አየሁ።

እኔ ደግሞ ወደ ቤት ገብቼ ይህን ጻፍኩ። ሐውልት አላሠራልህ ይሆናል፣ አቅሙም የለኝ። ግን በዚህ ቤት የሚናገር አፍ እስካለ ድረስ ስምህ በየገበታው ይጠራል፤ ይህን ከልቤ ነው የምነግርህ።

የልጅህ እናት፣
ከደባርቅ