ካብ ውስጥ የቀረ ማመልከቻ

ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 14 ቀን

ለአስተማሪዬ፣ ለእትዬ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እዚያ አንበሳሜ ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ገብቷል አሉ፤ ብርድ እንዳይመታዎ። ደብዳቤ አጻጻፍ ሲያስተምሩን «መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ የራስ ደህንነት፣ ከዚያ ጉዳዩ» ይሉን ነበር። ሰላምታውን አድርሻለሁ። የራሴን በተመለከተ፣ ደብዳቤ ላይ ሰው ሁሉ ደህና ስለሆነ እኔም ደህና ነኝ። ጉዳዩ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ዘግይቷል፤ እንዲያው ታግሠው ያንብቡልኝ።

ምናልባት አያስታውሱኝም። ከአንበሳሜ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በነበረችው በዚያች የገጠር ትምህርት ቤት፣ አራተኛ ክፍል፣ ፊተኛው መደብ ላይ እቀመጥ የነበርኩት የማሩ ልጅ ነኝ። ዛሬ እኔም አስተማሪ ነኝ፤ እዚህ ደብረ ታቦር ለስምንተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። አድራሻዎን ያገኘሁት የመምህራን ስብሰባ ላይ ከተዋወቅኋት የአንበሳሜ ሰው ነው። ስልክዎንም ሰጥታኛለች። ሁለት ጊዜ ደውዬ «ሃሎ» ሲሉ ዘጋሁት። ሰሞኑን ያስቸገረዎት ባለጌ እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ የመጀመሪያዬ ነው። መንግሥት ከወሊድ በፊት ሠላሳ ቀን፣ ከወሊድ በኋላ ዘጠና ቀን ይሰጠኛል። ከእኔ የሚጠበቀው ፈቃዱ የሚጀምርበትን ቀን ቅጹ ላይ መጻፍ ብቻ ነው። ቅጹን ዘጠኝ ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ሌላውን ሁሉ ሞልቻለሁ፤ የአያቴን ስም ሳይቀር። ቀኑን መጻፍ አቃተኝ።

ሆስፒታል የምታየኝ ነርስ ሠናይት ትባላለች፤ ሳቂታ ናት። ባለፈው ክንዴን አስራ ለካችኝ፣ ደግማ ለካችኝ፣ ከዚያ መሳቋን አቆመች። «ደም ግፊትሽ ከፍ ብሏል። ከዛሬ ጀምረሽ ካላረፍሽ ለልጁም ላንቺም ያሰጋል» አለችኝ። ርእሰ መምህራችን አቶ ላቀው ደግሞ ሌላ ሕክምና አላቸው። «ሦስት ሳምንት ናት እኮ መምህርት! ሰኔ አምስት ፈተናው ያልቃል፤ ከዚያ እንደ ልብሽ ተኚ። የኔዋ ባለቤት የተማሪ ወረቀት እያረመች ነው ምጥ የያዛት» አሉኝ። ባለቤታቸውን አውቃቸዋለሁ፤ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሒሳብ የምታስተምረው ጓደኛዬ ጌጤ ሰምታ «ሂጅ ባክሽ፤ አንቺ ባትኖሪ አማርኛ የሚጠፋ መሰለሽ? እኛ ቤት ሕፃኑም ይናገረዋል» አለችኝ። ባለቤቴ ሲሳይ እብናት ነው የሚሠራው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቶ «ቀኑን ጻፍሽ?» ይለኛል። «እያሰብኩበት ነው» ስለው «ሎተሪ ነው እንዴ የምትመርጪው?» ብሎ ይስቃል። የሚያሳስበኝን ግን ለእሱም አልነገርኩትም።

የሚያሳስበኝ አንቱ ነዎት፣ እትዬ። እስክሪብቶ ባነሣሁ ቁጥር ያች ክፍል ትመጣብኛለች። የጭቃ መደቧ፣ በባትሪ ድንጋይ ከሰል ያጠቆርነው ሰሌዳ፣ ነፋስ ሲመጣ ብድግ የሚለው የቆርቆሮው ጥግ። አንድ የተረት መጽሐፍ ነበረን፤ የመጨረሻዎቹ አራት ገጾች ተገንጥለዋል። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ያነቡልንና የተገነጠለው ጋ ሲደርሱ መጨረሻውን ከራስዎ ይፈጥሩልን ነበር፤ በየዓርቡ ሌላ መጨረሻ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ አብዛኞቹ መጨረሻ አላቸው። የነዚያን ዓርቦች ያህል ግን ያስደሰተኝ የለም። ከግድግዳው ወዲያ የጋሼ ተስፋነህ ተማሪዎች ግማሹን ቀን ለችግኝ ውሃ ሲቀዱ ይውሉ ነበር። ችግኞቹ ጥሩ አድገው ነበር።

የካቲት ውስጥ አንድ ዓርብ፣ አባቴ በማግስቱ አንበሳሜ ገበያ ይዞኝ እንደሚሄድ ያውቁ ስለነበር፣ በሊጥ የታሸገ ፖስታ ሰጡኝ። «ትምህርት ጽሕፈት ቤት ገብተሽ፣ መዝገብ ቤት ላለችው ሴትዮ በእጇ ስጫት። አደራ፣ አንቺን ነው የማምነው» አሉኝ። ከክፍሉ ሁሉ እኔን! አንገቴን ቀና አድርጌ ነው ቤቴ የገባሁት።

በማግስቱ መንገድ ላይ ከፈትኩት። ማንበብ ያስተማሩኝ አንቱ ነዎት፤ ያኔ ፊደል ያለበትን ነገር ሁሉ አነብ ነበር፤ የሳሙና ልባስ፣ የማዳበሪያ ከረጢት። ደብዳቤው «ከመጋቢት 1 ቀን ጀምሮ የሦስት ወር የወሊድ ፈቃድ እንዲሰጠኝና ምትክ መምህር እንዲመደብልኝ» ይላል። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት ብዬ በጣቴ ቆጠርኩ። ዓመቱ አለቀ። ምትኩ ማን እንደሚሆን ደግሞ አላጣሁትም፤ ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ናቸው። አባቴ አህያውን እየነዳ ቀደም ሲል፣ ወረቀቱን አጥፌ አጥፌ ከመንገድ ዳር ካብ ውስጥ ሸጎጥኩት፤ ድንጋይም መለስኩበት።

ሰኞ ጠየቁኝ። «ሰጠሽልኝ?» «አዎ እትዬ።» «ምን አለች?» «እናሳውቃለን ብላለች» አልኩ። ይህን ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አንቱ ግን አመኑኝ። ቁርጥ የቢሮ መልስ ነበርና።

ከዚያ መጠበቅ ጀመሩ። መጋቢት አንድ አለፈ፣ አሥር አለፈ። ጋሼ ተስፋነህ በራፍ ላይ ቆመው «ኧረ ሂጅ አንቺ ሴት፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ሲሉዎት ሰምቻለሁ። «ምትክ ሳይመጣ እነዚህን ልጆች ለማን ጥዬ?» አሏቸው። ሁሉን ልጻፍ ካልኩ ይህንም መጻፍ አለብኝ፤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ሰሌዳው ጋ መቆም ስላቃተዎት ተቀምጠው ተረት ያነቡልን ጀመር፤ ሰኞም ማክሰኞም ዓርብ ሆነ። በሕይወቴ እንደነዚያ ሦስት ሳምንታት ያለ ጊዜ አላየሁም። ዛሬም ሳስታውሳቸው መጀመሪያ የሚመጣብኝ ደስታው ነው፤ ሌላው ኋላ ነው የሚመጣው።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ክፍልፋይ እያስተማሩን ጠመኔው ከእጅዎ ወደቀ። ጠረጴዛውን ያዙ። «ልጆች፣ ውጡና ተጫወቱ» አሉን፤ ድምፅዎ ተለውጦ ነበር። አልተጫወትንም። ሴቶቹ እየሮጡ መጡ፣ ወንዶቹ ቃሬዛ ይዘው መጡ። «ማርያም፣ ማርያም» የሚለው ድምፅ ቁልቁለቱን ወርዶ እስኪጠፋ ድረስ ግቢው ውስጥ ቆመን ሰማን።

የጠየቁት ሦስት ወር ነበር። በሃያ ሰባተኛው ቀን ተመለሱ። ነጠላዎን ተከናንበው ገቡ፣ ሰሌዳውን ጠረጉ፣ «የት ላይ ነበርን?» አሉ። «ክፍልፋይ» አልን። ቀጠልን። እናቴ ጠዋት «ምንም ነገር እንዳትጠይቂያት» ብላኝ ነበር። እኔ ግን የምጠይቀው አልነበረኝም። ያን ዓመት ካርዴ ላይ «ታማኝና ትጉህ» ብለው ጻፉልኝ። ሥራ ስቀጠር ያለሽን ማስረጃ ሁሉ አያይዢ ሲሉኝ፣ ያላያዝኩት እሱን ብቻ ነው።

እንግዲህ አንቱ ያላገኙትን እረፍት እኔ በምን አፌ ልጠይቅ? ሠናይት የነገረችኝን እያወቅሁ፣ እስከ ሰኔ አምስት ልቁምና ይብቃኝ ብዬ ነበር። ራሴን መቅጣቴ መሰለኝ። ቅጣቱ ማን ላይ እንደሚያርፍ አላሰላሁም፤ በሒሳብ ዱሮም ደካማ ነበርኩ።

ትናንት ተማሪዎቼ ፊርማ አሰባስበው አመጡልኝ። «ውድ ቲቸር፣ ሕፃኑ እስከ ፈተናው እንዲታገሥ እንዲነግሩልን በትሕትና እንጠይቃለን» ይላል። አርባ አምስት ፊርማ ነው፤ ሁለቱ በአንድ እጅ የተፈረሙ ናቸው። ይዛ የመጣችው የክፍሉ ሞኒተር ፋሲካ ናት። የእሷን ፊርማ ፈልጌ አጣሁት። «ያንቺስ?» አልኳት። መሬት መሬት እያየች «እኔ አልፈረምኩም» አለች። «ምነው፣ እንድሄድልሽ ፈልገሽ ነው?» ብዬ ቀለድኩባት። አልሳቀችም። «አይደለም ቲቸር። እግርዎ አብጧል። ሲያስተምሩ ጫማዎን ሲያወልቁ አይቻለሁ» አለችኝ።

እትዬ፣ የአንቱን እግር እኔም አይቼ ነበር። ከጠረጴዛው ስር የፕላስቲክ ጫማዎን ሲያወልቁ ከፊተኛው መደብ ቁልጭ ብሎ ይታየኝ ነበር።

ፋሲካ ከወጣች በኋላ ቅጹን አወጣሁና ቀኑን ጻፍኩ፤ ግንቦት 14፣ ማለትም ዛሬ። ጠዋት አስገባሁት። አቶ ላቀው «እንግዲህ ልጆቹ ቢወድቁ የኔ ዕዳ አይደለም» ብለው ፈረሙ። ክፍሌን ጌጤ ልትሸፍንልኝ ተስማምታለች፤ ግጥሙን በቀመር እንዳታስተምርብኝ እሰጋለሁ። አሁን አልጋ ላይ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ነው የምጽፍልዎ። ልጁ በደንብ ይራገጣል።

ይቅር ይበሉኝ ለማለት ብዕሬ ብዙ ጊዜ ተነሥቶ ወድቋል። መስጠቱም መንሣቱም የአንቱ ነውና በዚያ አላስቸግርዎትም። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ከጤና ጋር ይስጥዎ፤ እመቤታችን ከደጅዎ አትራቅ፤ ያስተማሯቸው ሁሉ ጧሪ ይሁኑዎ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ያጡት ልጅ ሴት ትሁን ወንድ አላውቅም፤ ያኔ ማንም አልነገረንም። ምን ስም አስበው እንደነበርም አላውቅም። መልስ ሊጽፉልኝ ከፈቀዱ፣ ሰላምታውም ሌላውም ይቅር፤ ስሙን ብቻ ይጻፉልኝ።

የአራተኛ ክፍል ተማሪዎ