ደብዛዛዋ አትጠፋም

ውድ እህቴ፣

ከሞትሽ ወዲህ ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አላለቅስብሽም፣ አትስጊ፤ የምነግርሽ ጠብ ነው። ከታላቅ ወንድማችን ከጋሼ ጋር ተጣላን። አንቺ ብትኖሪ ሁለት ሆነን ድባቅ እንመታው ነበር፤ ብቻዬን ስለሆንኩ ትንሽ ቆየብኝ።

ፎቶ ቤቱ እንደምታውቂው ነው። አባታችን ካነሳቸው ጀምሮ ያሉትን ፎቶዎች ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ስንጭን ግን ማስቀመጫው ጢም ብሎ ሞላ። ጋሼ ቴክኒሻን አምጥቶ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ረዳት አስገባ። ፎቶ ይለያል፣ ስም ይሰጣል፣ ደንበኛ የጠየቀውን ፈልጎ ያወጣል። እውነቱን ለመናገር አሳርፎኛል። ጋሼ ደግሞ ሌላ ሥራ ጨመረለት፤ «ተመሳሳይ ካገኘህ የጠራውን አስቀርተህ ሌላውን እስከ መጨረሻው አጥፋ» አለው። እስከ መጨረሻው ማለት ከመጠባበቂያ ቅጂውም ጭምር ነው። ተሟግቼ ያገኘሁት ነገር ቢኖር ከማጥፋቱ በፊት እንዲጠይቀን ብቻ ነው።

ጥያቄ ሲበዛበት ጋሼን ታውቂዋለሽ። ማክሰኞ ጠዋት የሠርግ አልበም እየደረደረ፣ «ሁሉንም ፍቀድ የሚለውን ተጫኚውና እንገላገል! በየደቂቃው ደጅ የሚጠና ማሽን ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ጮኸብኝ።

ልጫነው ስል ስክሪኑ ላይ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አየሁ። አባታችን በር ላይ አቁሞ ለየብቻ ያነሳን ናቸው፤ አንድ ዓይነት ሹራብ ለብሰናል። ረዳቱ ከሥሩ «አንድ ሰው፣ አንድ ልብስ፤ የጠራው ይቀራል» ብሏል። የጠራችው እኔ ነኝ። አንቺ መቼ ረግተሽ ቆመሽ ታውቂያለሽ? አባታችን «እባክሽ ረጋ በይ» እያለ ሲለምንሽ እየሳቅሽ ተነስተሽ ደብዝዘሻል። ዝርዝሩን ወደ ታች እየገፋሁ አየሁት። ደብዛዛዋ ሁሉ አንቺ ነሽ፤ ለመጥፋት ተሰልፈሽ ትጠብቂያለሽ።

ጋሼን ጠራሁት። መነጽሩን አድርጎ አየና፣ «ታዲያ ሁለቱም አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለኝ።

«አንዷ እሷ ናት» አልኩት።

ቁጭ አለ። ከዚያ ባለፈው ሳምንት፣ እኔ በሌለሁበት፣ እሱ ራሱ አንዴ «ሁሉንም ፍቀድ» የሚለውን እንደተጫነ ነገረኝ። ምን እንደጠፋ አያውቅም። እኔም አላውቅም፤ የሚነግረን ምንም አልቀረም። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከሰዓት ቴክኒሻኑ መጣ። «ቀላል ነው፤ መንታዎችን አታጥፋ ብለን እንጽፍለታለን። በጣም ታዛዥ ነው» አለ።

«እህቴን ሊያጠፋት የነበረውም ታዝዞ ነው» አልኩት። «ማጥፊያውን ከእጁ አውጣልኝ። ይፈልግ፣ ይለይ፣ ይሄ ተደግሟል ብሎ ለብቻ ያስቀምጥ። ማጥፋት ግን ቢታዘዝም የማይችለው ይሁን።»

«ሥራ ይዘገያል እኮ» አለ ጋሼ፣ ድምፁ ሰልሎ።

«ይዘግይ! ሌላ ማስቀመጫ ግዛ።»

እላዩ ላይ ቆሜ አስጨረስኩት። ሲያበቃ ረዳቱን አንድ የማይረባ ፎቶ እንዲያጠፋ አዘዝኩት፤ «ፈቃዱ የለኝም» ብሎ መለሰ። አንጀቴ ራሰ። በእሱ ቂም የለኝም። እኛን መለየት ያቃተው የመጀመሪያው አይደለም፤ አስተማሪዎቻችን ባንቺ ጥፋት እኔን ሲቀጡ አይደል ያደግነው?

ቴክኒሻኑ ዕቃውን እየሰበሰበ፣ «ታዲያ ማጥፊያው በማን እጅ ይሁን? በጋሼ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ አፌን ሳልከፍት ጋሼ ቀደመኝ።

«የኔንም አውጣው» አለ። «እኔም አልለየኋትም።»

አሁን ማጥፊያው ለብቻው በማንም እጅ የለም፤ እኔና ጋሼ አይተን ካልተስማማን አይሠራም። እኔ ደግሞ ባንቺ ጉዳይ መቼም አልስማማም።

መንታሽ