ኢልሃም ትንፋሿን ስትይዝ

ቃልዬ፣

ካርዱ ላይ ያለውን የጉዛራ ግንብ አላየሁትም፤ ጎንደር ገብቼ ያየሁት ጉሮሮ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ትልቅ እንቅርት ያለባቸው፣ እትየ ውዴ የሚባሉ የዳባት እናት ኦፕራሲዮን ነበራቸው። «ምነው ሁላችሁም ዝም አላችሁ?» እንዳሉ ሰመመኑ ይዟቸው ሄደ። የማደንዘዣ ባለሙያዋ ኢልሃም ለፕሮፌሰሩ ጥናት ከምናወዳድራቸው ሁለት ባለካሜራ የጉሮሮ ማያዎች የመጀመሪያውን አስገባች፤ እኔ ሰዓት ያዝኩ። የአየር ቧንቧው ስክሪኑ ላይ ወለል ብሎ ይታያል፤ የመተንፈሻ ቱቦው ግን የቧንቧው አፍ ላይ ደርሶ ይንሸራተታል። በሩ ከፊታችን ተከፍቶ መግባት አቃተን!

እኛ ሆስፒታል እንዲህ ሲሆን የምናፈጠው ሞኒተሩ ላይ ነው። ኢልሃም ግን መሣሪያውን ስታስገባ የራሷንም ትንፋሽ ትይዛለች፤ አየር ሲያጥራት «እሳቸውንም አጥሯቸዋል» ብላ ታወጣዋለች። አወጣችው። በጭምብል ኦክስጅን ሰጠቻቸው፤ እንደገና ትንፋሿን ይዛ ሁለተኛውን ሞከረች። ምስሉ እንደ መጀመሪያው የጠራ አልነበረም፤ ቱቦው ግን ገባ። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ።

ያኔ እጄን ባየው ሰዓቱ አሁንም ይቆጥራል። ለካ እኔም ትንፋሼን ይዤ ሰዓቱን ማቆም ረስቻለሁ፤ ቅጹ ላይ የደቂቃው መስመር ባዶ ቀረ።

ካርዱ ሞላብኝ። ኪሩን ሳሚልኝ፣ እማማንም ሰላም በይልኝ። ፕሮፌሰሩ ስለዚያች ባዶ መስመር ከጠየቁሽ፣ እትየ ውዴ ከሰዓት በኋላ ነቅተው፣ በሻከረ ድምፅ «አሁንም ዝም ናችሁ?» ብለውናል በያቸው።

ምናለ