ከእጅህ የፈታሁት ቀይ ጨርቅ

ውድ ወፍጮ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልህ የልጅ ልጅህ እንደሆነች አውቃለሁ። ዓይንህ ፊደል መለየት ከተወ ሦስት ዓመት አልፎታል። ስለዚህ መጀመሪያ ለእሷ አንድ ነገር ልንገራት። ልጄ፣ አንድም መስመር አትዝለይ። የሚያስደነግጥ ቦታ ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ፤ የአያትሽ ጆሮም እንደ ዓይኑ ነው። ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ ካለም አታስወጪ። ቤቱ ሁሉ ይስማው።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ።

ባለፈው ሳምንት ዶክተሯ በመኪናዋ ይዛኝ እናንተ ቤት ስትመጣ፣ የመጣችበት ጉዳይ ከእኔ ይልቅ ለአንተ ቶሎ ገብቶህ ነበር። ከጦርነት ከተረፉት መካከል አንዳንዶቹ ለምን ይህን ያህል ዕድሜ እንደሚኖሩ ነው የምታጠናው። የእኛን ሻምበል የስም ዝርዝር ይዛለች፤ አንድ መቶ አሥራ ስምንት ሰው። ከዚያ ሁሉ ያለነው ሁለት ነን። አንተ ዘጠና ሦስት፣ እኔ ዘጠና አንድ።

"አባቶቼ፣ ምስጢሩ ምንድን ነው? ምን ትበላላችሁ?" አለች።

"የተሰጠንን" አልኳት።

"ተዪው እሱን!" አልካት፤ ሻምበሉ ወፍጮ ያለህ ለዚሁ አፍህ ነው። "ስሙ ችካል ነው፤ ካልመቱት ድምፅ አያወጣም። እኔን ስሚኝ። ሞት ሰውን የሚይዘው ዱካ እየተከተለ ነው። የእኔን ዱካ ሲያይ ግን አንዱ እግር የሰው፣ አንዱ የወንበር። 'ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?' እያለ ስልሳ ስድስት ዓመት ሲዞር ኖረ።"

ሴት ልጅህ "አባዬ፣ ቁም ነገር ንገራት እንጂ!" ብላ ተቆጣች። ያን ጊዜ ትከሻዬን ያዝክ።

"ቁም ነገሩማ ይሄ ነው። ይሄ ሰው የእንጨት እግር እየሠራ ያመጣልኛል። ባመጣ ቁጥር 'አሥር ዓመት ይቆይሃል' ይለኛል። ታዲያ እንጨቱ ሳያልቅ እንዴት ብዬ ልሙት? የሰው ልፋት ገደል መስደድ አይሆንም? እያፈርኩ ኖርኩ። ጻፊው፤ ዕድሜዬ የእሱ የእጅ ሥራ ነው።"

እሷም ጻፈችው።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ሆስፒታል ተኝቼ፣ ከመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ነው። አናጢነትንም ያስተማረኝ የለም። ለዚህ ነው መሰለኝ፣ የተጻፈ ነገር ያስፈራኛል። አፍ የተናገረውን ነፋስ ይወስደዋል፤ መጽሐፍ ውስጥ የገባ ውሸት ግን እኛ ካለፍን በኋላም ይኖራል። ዶክተሯ ሰኞ ተመልሳ የጻፈችውን ታነብልሃለች። ከዚያ በፊት እውነቱን ከእኔ መስማት አለብህ።

የቆሰልን ቀን ጠዋት ከተዋጋንበት ኮረብታ ሥር ተደርድረን ነበር። አንተ አታስታውስም፤ ራስህን ስተሃል። ቆስለን የወረድነው ሃያ ሦስት ሰዎች ነን። የመጣው ካሚዮን አንድ ነው፤ አስተኝቶ የሚወስደው ዘጠኝ ሰው ብቻ። የሻምበላችን ቁስለኛ አስታማሚ ቀይ ጨርቅ በጥርሱ እየቀደደ፣ ቶሎ መሄድ ባለበት ሰው እጅ ላይ ያስር ነበር። ቀይ ያሰረ ይጫናል፤ ሌላው ይቆያል። የአንተን እግር አየና አሰረልህ። እኔ ዘንድ መጣ። ሸሚዜን ገልጦ ሆዴን አየ፤ ሳያስርልኝ አለፈኝ።

እጁ ባዶ የሚቀረው ወይ ቁስሉ ቀላል የሆነ ሰው ነው፣ ወይ ተስፋ የተቆረጠበት። እኔ ሆዴ ላይ ያለውን ደም አይቼ 'አልቆልኛል ማለት ነው' አልኩ። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር።

ወደ አንተ ተንፏቀቅሁና ከእጅህ ላይ ጨርቁን ፈታሁት። ቋጠሮው ጠብቆ ስለነበር በጥርሴ ነው የፈታሁት። ፊቴ ከፊትህ አጠገብ ነበር። ትንፋሽህ ጉንጬን ይነካኝ ነበር። የሞትክ መስሎኝ ነው ብዬ አልዋሽህም፤ በሕይወት እንዳለህ አውቅ ነበር። ጨርቁን በራሴ እጅ ላይ አሰርኩ። ዘጠነኛ ሆኜ ተጫንኩ። አስታማሚው በዚያ ግርግር ለማን እንዳሰረ ልብ አላለም፤ በሳምንቱ እሱም ተመታ።

ሆስፒታል ሐኪሙ ከሆዴ ያወጣት ፍንጣሪ የጥፍሬን ታህል ነበር። ከቆዳዬ ሥር አላለፈችም። "አንተን ደግሞ ማን አስቸኮለህ?" ብሎ ሳቀብኝ። አንተን በማግስቱ አመሻሽ ላይ አመጡህ። እግርህ ጠቁሮ ነበር። ቆረጡት።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። አፌ እንቢ ቢለኝ እጄን አሠራሁት። የመጀመሪያውን እግር ሳመጣልህ "የማንን አልጋ ነው ያሽመደመድከው?" ብለህ ስቀህብኛል። ሁለተኛው ቆዳህን ላጠው። በሦስተኛው ሠርግህ ላይ ጨፈርክ። ከዚያ ወዲህ አራት ሠርቻለሁ። ልለካህ በመጣሁ ቁጥር፣ ያን ቀን ሜዳ ላይ መቅረት የነበረበት ሥጋ በመዳፌ ውስጥ ሲሞቅ ይሰማኝ ነበር።

እኔ በቀላሉ የምገረም ሰው አይደለሁም፤ ታውቀኛለህ። የዶክተሯን ዝርዝር ካየሁ ወዲህ ግን መላጊያዬን እንደያዝኩ ቆሜ እቀራለሁ። ከእኔ ጋር የተጫኑት ስምንቱ የሉም። አንዱን በዓመቱ ወባ ወሰደው፤ አንዱ ከደረጃ ወድቆ ሞተ፤ ሌሎቹም በየተራ አለፉ። ትቼው የሄድኩት ሰው ግን ፀሐይ ላይ ውሎ፣ ብርድ ላይ አድሮ፣ በማግስቱም ውሎ፣ አራት ልጅ ወልዶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ በዘጠና ሦስት ዓመቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሞት ይቀልዳል። ሰው ከምን ቢሠራ ነው እንዲህ የሚሆነው? እኔ እንጨት አውቃለሁ። አንኳኩቼ፣ ድምፁን ሰምቼ፣ የቱ እንደሚሰነጠቅ የቱ እንደሚጸና እናገራለሁ። አንተን ግን ይህን ሁሉ ዘመን በእጄ ለክቼ አላወቅሁህም። ዶክተሯ "ጽናት" ብላ ጽፋለች። ቃሉ ይጠብብሃል።

ዕድሜህ የእኔ የእጅ ሥራ ነው ያልከው ስህተት ነው። የእኔ የእጅ ሥራ የጎደለው እግርህ ነው። ዕድሜው የራስህ ነው።

ስምንተኛውን እግር ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአውቶቡስ ልኬልሃለሁ። ጉልበትህ ስለከሳ ውስጡን በለስላሳ ቆዳ አልብሼዋለሁ፤ ማሰሪያውን መጀመሪያ ላላ አድርገህ ሞክረው። እኔ የሠራሁትን ማድረግ ካስጠላህ ምድጃ ውስጥ ክተተው። ደረቅ እንጨት ነው፤ ጥሩ ይነዳል።

ይቅር በለኝ ማለት የነበረብኝ ያኔ፣ አልጋችን ጎን ለጎን ሳለ ነው። ዛሬ የምለምንህ ሰኞ ዶክተሯ ስትመጣ ያስጻፍከውን እንድታሰርዘው ነው። በቦታው ምን እንደምትጽፍ አንተ ንገራት፤ የምትለውን ሁሉ እፈርምበታለሁ። አትምጣ ብለህ ከላክብኝ አልመጣም። ዝም ካልክ ግን ማክሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ደጅህ ላይ እቆማለሁ። አንተ ራስህ "ክፈቱለት" እስክትል አላንኳኳም።

ያለ ተራው የተጫነው
ችካል